በካፖርትህ ኪስ የነበረው ለውዝ

የኔ ሞላ፣

ከተለየኸን እነሆ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ወባው ዳግመኛ እንደማያገኝህ ብቻ አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን። ልጅህ ብርቄ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ጓዴና ጥለትም ደህና ናቸው። እንዲያውም ከሁላችንም የወፈሩት እነሱ ናቸው።

ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። አትሳቅ። መሠረተ ትምህርት እንድገባ ስትለምነኝ «አሁን እኔ ተምሬ ጸሐፊ ልሆን ነው?» እያልኩ ስመልስህ የኖርኩት ሴትዮ፣ አንተ ካለፍክ በኋላ ገብቼ ከሕፃን እኩል ሀሁ ቆጠርኩ። የምታስተምረን ከአዲስ አበባ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። «እማማ ዘነቡ፣ ብዕሩን አንቀው አይያዙት፣ አያመልጥም» ትለኛለች። ፊደሌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ግን ይነበባል። አንተ ደግሞ ጊዜ አለህ፣ ቀስ ብለህ አንብበው።

ከወሬው ሁሉ ትልቁን ላስቀድም። በጥር ብርቄን ዳርናት! የወሰዳት የአናጢው ልጅ ነው፣ ያ ጆሮው ትልልቁ። አንተ ብትኖር «ይሄን ልጅ ነፋስ እንዳይወስድብኝ» ብለህ ታስቀን ነበር። ልጁ ግን ጨዋ ነው፣ እጁም ሥራ ያውቃል። ጎጆአቸው ከኛ አራተኛው ነው። መቼም አምባችን በገመድ ተለክቶ በረድፍ የተሠራ ስለሆነ፣ ደጄ ላይ ቆሜ ስጠራት ትሰማኛለች። ድሬሻለሁ ወይስ ክፍል ቀይሬልሻለሁ ብያት በሙሽርነቷ አሳቅኋት።

በሠርጉ ዋዜማ ግን አንድ ነገር ሆነ፤ ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው። ነገሩን ከሥሩ ካላነሳሁት አይጥመኝም። የምታውቀውንም ቢሆን እኔ ስጽፈው ስማኝ።

አሶሳ ያመጡን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ድርቁ ቆቦ ላይ ከብታችንን ፈጅቶ፣ በፈቃዳችሁ ነው ተብለን፣ ፈቃዳችንን ማንም ሳይጠይቀን። ስንወርድ ሣሩ ከአንተ ቁመት ይበልጥ ነበር። ብርቄ እጄን ለቃ ሁለት እርምጃ ብትሄድ ጠፋችብኝ። ከዚያ ዝናቡ ጀመረ፤ ጀምሮም መቆም አልፈለገም። ዕድሜያችንን ዝናብ ስንለምን የኖርን ሰዎች፣ ዝናብ በዛብን ብለን ለማጉረምረም እያፈርን ጎጆአችን ውስጥ ተቃቅፈን ተቀመጥን።

አንተ ያኔ የሠራኸውን ደግሞ አልረሳውም። የመጀመሪያው የበቆሎ ራሽን እጃችን ሲገባ፣ የጎጆአችንን ጥግ መቆፈር ጀመርክ። በሀገራችን እህል የሚቀመጠው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ አፉ ጠቦ፣ ሆዱ ሰፍቶ፣ ውስጡ በገለባ ተለብጦ፣ አፉ በጭቃ ተመርጎ። የአባትህ ማሽላ እዚያ ገብቶ ዓመታት ይቆይ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያሉት የበርታው ጎረቤታችን ሼህ ኸሊፋ ማንጎ ሊሰጡን መጥተው ጉድጓዱን ሲያዩ ደነገጡ። «ወንድሜ ሞላ፣ ይሄ ውሃ ይገባል። እዚህ አገር እህል ከላይ ይተኛል፣ ሰው ከታች ይተኛል» አሉህ። አንተም እሺ ሼህ፣ እሺ አልክና እሳቸው ወንዙን ሳይሻገሩ በቆሎውን ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥከው።

በወሩ ስንከፍተው ሽታው እስከ አምባው ጫፍ ተሰማ። በቆሎው ጢም አብቅሏል! ሼህ ኸሊፋ ምንም ሳይሉ ማሽላ ላኩልን፤ ምንም አለማለታቸው ነው ያሳፈረህ። እኔ ግን አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ጉድጓድ ድፈነው ስልህ፣ ተይው አንድ ቀን ይጠቅማል ስትለኝ፣ ስንከራከር ኖርን።

ጠቀመ እንዴ! የገበሬ ማኅበሩ ትራክተር አዲሱን እርሻ ሲያርስ አንድ የምድር ዋሻ ገለበጠና ሁለት ግልገሎች በባርኔጣህ ይዘህ መጣህ። ዓይናቸውን ገና መግለጣቸው ነበር። ሰዉ ሽኮኮ ይላቸዋል፤ ሀገራችን ገደል ላይ ካለው ሽኮኮ ግን አይገናኙም። እነዚህ የዝንብ መከላከያ ጭራ የመሰለ ረጅም ጅራት አላቸው፣ መሬት ቆፍረው ይኖራሉ፣ በግራና በቀኝ ጎናቸው ላይ ነጭ መስመር ወርዶባቸዋል። ሴቷን ስታያት የነጠላ ጥለት ይመስላል አልክና ስሟ ጥለት ሆነ። ወንዱን ደግሞ፣ ቀጥ ብሎ በኋላ እግሩ ቆሞ ዙሪያውን ሲቃኝ ካድሬ ይመስላል ብለህ «ጓድ» ብለህ ጠራኸው። እኔ ደሜ ደረቀ። ሰው ቢሰማህስ! በስንት ልመና ነው ጓዴ ያስባልኩህ።

መናደዴን አልክድም። አንተ ከአጥራችን ማዶ ያለው የማኅበሩ መጋዘን ዘበኛ ነህ። እነዚህ ደግሞ የማኅበሩን በቆሎና ለውዝ ከማሳው እየቆፈሩ የሚበሉ፣ ያያቸው ሁሉ እንዲገድላቸው በስብሰባ የተነገረባቸው ናቸው። ጠላት ነው የተባለውን እንስሳ በገዛ ቤትህ፣ በገዛ ጉድጓድህ አስቀምጠህ በጨርቅ ጫፍ አጥሚት ስታጠባ ሳይህ፣ ይሄ ሰውዬ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል አልኩ። ያ እህላችንን የበላ ጉድጓድ ግን ለእነሱ ቤተ መንግሥት ሆነላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ምን ዓይነት ደስታ ነበር፣ ሞላ! ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሁለቱም ደጃፉ ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ይቆማሉ፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ነበር የሚመስሉት። ጭልፊት ሰማዩ ላይ ከታየ ጓዴ ይጮኻል፣ ጫጩቶቻችን ሮጠው ይደበቃሉ። የጎረቤት ዶሮዎች ሳይቀሩ እሱን መስማት ለመዱ። ሴቶቹ የዘነቡን ጫጩት ምነው ጭልፊት አይነካባትም እያሉ ይደነቁብኝ ነበር፤ እኔም ጸሎት ነው እላቸው ነበር። ብርቄ ከቆቦ ወዲህ ጥርሷ ሲታይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጥለት የአንተ ነበረች። ከገበያ የገዛኸው ያ አሮጌ የወታደር ካፖርት ኪስ ውስጥ ካልተኛች እንቅልፍ አይወስዳትም። ጥበቃ ስትሄድ ኪስህ አብጦ ትሄዳለህ፣ አንዳንዴም ጅራቷ ወጥቶ ይታያል፤ አንተ ደግሞ ምንም እንዳልያዘ ሰው ኮራ ብለህ ትራመዳለህ። ቁንጫ ያመጡብኛል ስል የነበርኩት እኔም ቀስ በቀስ ከእነሱ ጋር ወሬ ጀመርኩ። አንተ ሥራ ላይ ስትሆን ጓዴን አማክረው ነበር። ከአንተ የተሻለ ያዳምጣል፤ ቢያንስ አያንቀላፋም።

እንግዲህ ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። ባጭሩ ነው የምጽፈው።

በዚያ ግንቦት፣ የለውዙ ዘር ሊከፋፈል መጋዘኑ ሲከፈት፣ ግማሽ ጆንያ የሚሆን ዘር ጎድሎ ተገኘ። ለዘር የተቀመጠውን ሰው ከሚበላው ጋር እንዳይቀላቅለው ብለህ ጆንያዎቹ ላይ በቀይ ቀለም መስቀል የሠራህባቸው አንተ ራስህ ነበርክ። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉም አንተ ዘንድ ነው። ሌባ ያለህ ሰው የለም። ሊቀመንበሩ «ለጊዜው ቁልፉን አስረክብ» ብቻ ነው ያለህ። ያቺ «ለጊዜው» የምትባል ቃል ግን አንተ እስክታልፍ ድረስ ከኛ ጋር ኖረች። ቁልፉን አስረክበህ መጣህ፣ ካፖርትህን ሰቀልክ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው አልከኝ።

በማግስቱ ካፖርትህን ላራግፍ ሳወርደው ኪስህ ውስጥ ለውዝ አገኘሁ። አንድ እፍኝ የሚሆን፣ ከነልጣጩ። እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ። ቀና ስል አንተ በሩ ላይ ቆመህ ታየኛለህ። ለውዙን ወደ ኪሱ መልሼ ካፖርቱን ሰቀልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ እራት ሳቀርብልህ ዓይንህን ማየት አቃተኝ፤ አንተም ይህን አውቀህ ከወትሮው ቀድመህ ትተኛ ጀመር። ነሐሴ ላይ ትኩሳቱ መጣ፣ በአምስተኛው ቀን ይዞህ ሄደ። ሳንነጋገር።

አሁን ሠርጉን ስማ።

ዋዜማው ላይ ዳስ ለመጣል የአምባው ወንዶች ሁሉ ግቢያችን ተሰብስበዋል። የሙሽራው አባት ምሰሶ ያስተክላል፣ ሼህ ኸሊፋ ከልጆቻቸው ጋር ቀርከሃ ተሸክመው መጥተዋል፣ ሊቀመንበሩ ሳይቀር እጅጌውን ሰብስቦ ሣር ያቀብላል። ጓሮው ጥግ፣ መጋዘኑ አጠገብ፣ ምሰሶ ለማቆም ሲመቱ ምሰሶው ግማሹ ድረስ ስምጥ አለ። የያዘው ሰውዬ አብሮት በግንባሩ ተደፋ። ሰዉ ሳቀ። መሬቱ ውስጡ ባዶ ነው ብለው በአካፋ ሲገልጡት ሳቁ ቆመ።

ለውዝ ነው! ከታች የጠቆረ፣ ከላይ አዲስ፣ ልጣጩ ለብቻ፣ ፍሬው ለብቻ። ከእኛ ጉድጓድ ተነስቶ በአጥሩ ስር አልፎ መጋዘኑ ግድግዳ ስር የሚወጣ፣ ክንድ የሚያስገባ ዋሻ። መካከሉ ላይ እንደ ጎጆ ሰፍቶ መኝታ ተሠርቶበታል፤ መኝታው ደግሞ የተቦጫጨቀ ጆንያ ነው። ብርቄ ነጠላዋን ጥላ ጉድጓዱ ላይ ተደፋችና አንድ እፍኝ አወጣች። ጆንያው ላይ ቀይ ቀለም አለበት። «የአባዬ መስቀል ነው! የአባዬ ቀለም ነው!» እያለች ስታሳያቸው፣ ሙሽራ መሆኗን ረስታ እስከ ክርኗ አፈር ሆናለች። ከአንተ በኋላ ጆንያው በሰማያዊ ነው የሚሰመርበት፤ ስለዚህ ያ ቀይ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ለማንም መንገር አላስፈለገም።

ይሄ አልበቃ ብሎ ጓዴ በመጋዘኑ ግድግዳ ስር ብቅ አለ። አፉ ውስጥ ለውዝ ይዟል። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ይሸሻል ስንል፣ ሊቀመንበሩ ፊት መጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመና በሁለት እጁ ይዞ ይፈለፍል ጀመር። እጅ ከፍንጅ ማለት ይሄ ነው! ሼህ ኸሊፋ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ በሳቅ ዕንባቸው ወረደ። «ወላሂ ሌባው መጣ! ሰው አልፈለገውም፣ እሱ ራሱ መጣ!» ይላሉ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ያ እፍኝ ለውዝ ዓይኔ ላይ መጣ። ጥለት ኪስህ ውስጥ ትተኛ እንደነበር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ስንቋን የምታስቀምጥበት ቤቷ እሱ እንደነበር እንዴት አልታየኝም? ቤት ውስጥ ሦስት ለውዝ ወዳዶች ሲኖሩ እኔ ያየሁት አንዱን ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩም ከሰው ጋር ሲስቅ ቆየና ሹመቱ ትዝ አለው። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህ የሕዝብ ንብረት አጥፊ ነው፣ ያሳደገው ሰው በእጁ ያስወግደው፣ የማን ነው? አለ። የአንተ ናቸው ብል የሞተ ሰው አይጠየቅም፤ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ እንኳን ሰው ፊት ስናገር ድምፄ የሚጠፋ ሴት መሆኔን ታውቃለህ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ጥቁር ልብሴን ለብሼ መሐል ገባሁና «የኔ ናቸው» አልኩ። «ባሌን ስትጠረጥሩት ዝም ብያለሁ። ዛሬ ግን ዝም አልልም። እነዚህ እንስሳ ናቸው፣ ያገኙትን ይበላሉ። አንድ ፍሬ ያልነካ ሰው ግን ቁልፉን ተነጥቆ ሞቷል። መጀመሪያ እሱን መልሱልኝና ስለ ሽኮኮዎቹ ከዚያ በኋላ እንነጋገር።»

ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች፤ ለሠርጉ ያዘጋጀችው እልልታ መሰለኝ ያመለጣት። ከዚያ ሁሉም ተከተሏት።

ሊቀመንበሩን አልጠላውም፣ ሞላ። በሳምንቱ እሁድ በስብሰባው ላይ ሰውን ሁሉ አስነስቶ «ጓድ ሞላ ታማኝ ነበር፤ ያጠፋነው እኛ ነን» ብሎ ተናገረ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! በዚያው የመጋዘኑን ቁልፍ አንቺ ያዢው ቢለኝ፣ ኧረ ተው፣ ሌቦቹ ከኔ ጋር የሚኖሩ ሰው ነኝ ብዬ መለስኩለት። ጉባኤው በሳቅ ተበተነ። ሽኮኮዎቹን የማስወገዱ ነገርም በዚያው ሳቅ ተረሳ፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

መጋዘኑን ሼህ ኸሊፋ እንዳሉት ከመሬት አንስተን በእግር አቆምነው። በርታዎቹ ጎተራቸውን እንደሚሠሩት፣ በወፍራም እንጨት ላይ፣ ወለሉ በቀርከሃ። ልጆቻቸው እያሳዩን፣ የኛ ወንዶች እየተሸከሙ፣ ሦስት ቀን ፈጀ። ሼሁ በየመሐሉ «እህል ከላይ» ይላሉ፣ የኛ ሰዎች «ሰው ከታች» ብለው ይመልሳሉ፤ የሥራ ዘፈን አደረጉት። አሁን ምስጡም እርጥበቱም አይደርስበትም። ጓዴ ከስሩ ቆሞ ወደ ላይ ሲያይ ውሎ ይገባል፤ አሳዘነኝና ከጓሮዬ ለውዝ እየፈለፈልኩ እሰጠዋለሁ።

ብርቄ ጥለትን ይዛ ነው ወደ ባሏ ቤት የገባችው። በማግስቱ ጠዋት ከኛው ጉድጓድ ውስጥ አገኘኋት። ወሰደቻት፣ ተመለሰች። እንደገና ወሰደቻት፣ ተመለሰች። አሁን ቀኑን እዚያ ትውላለች፣ ማደሪያዋ እኔ ጋ ነው። አማችህ መጀመሪያ ፈርቷት ነበር፤ ትናንት ግን ትከሻው ላይ አስቀምጧት ሲላጭ አየሁት። ጆሮው ለመያዣ ተመችቷታል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ደስታዬን እንድታውቅ ነው። ነገር ግን አንድ ቃል ቀርቶኛል፤ ሰው አስጽፌ ቢሆን ኖሮ አላስጽፈውም ነበር።

በአርባህ ቀን ሰዉ ሁሉ ከመቃብርህ ሲመለስ እኔ ትንሽ ቀርቼ ነበር። በልቤ፣ ብትወስድም ለእኛ ብለህ ነው፣ ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ። ደግ ሚስት የሆንኩ መስሎኝ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ዓመት ሙሉም በዚያ ደግነቴ ስጽናና ኖርኩ። ያላጠፋኸውን ይቅር ብዬህ! በሩ ላይ ቆመህ ያየኸኝ ቀን አንድ ጥያቄ ብጠይቅህ ኖሮ፣ አንተ ስቀህ የጥለት ስንቅ ነው ትለኝ ነበር፤ ነገሩም ያኔውኑ ያልቅ ነበር። አልጠየቅኩህም። መልሱን ፈርቼ ነው።

ያንን ይቅርታ ዛሬ አንስቼዋለሁ፤ ለአንተ የሚሆን አልነበረም። ይልቅ አንተ ይቅር በለኝ።

እኔም ቃል እገባልሃለሁ። ከእንግዲህ ሳስብህ ዓይኔን ሰብሬ አላስብህም። ብርቄ ስትወልድ ለልጇ የምነግረው፣ ግልገል በባርኔጣው ይዞ በዝናብ ውስጥ እየሳቀ ስለመጣው ሰውዬ ነው። ባልሽ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣም፣ ዘበኛ ነበር፣ አንድ ፍሬ ያልነካ ዘበኛ እለዋለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው በማይኖርበት ቀን ደግሞ ለራሴ እነግራታለሁ፤ ከሁሉ በላይ መስማት ያለባት እሷ ናትና።

ያንተው ዘነቡ